ቤት ከነደጁ ከነጓሮው

ከሻሸመኔ ተነሥቶ በአላባ ቁሊቶ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚጓዝ መንገደኛ ቦዲቲ ሊደርስ ሲቃረብ ግራና ቀኙን ቢመለከት መንደር የሚባል ነገር አያይም። የሚያየው አንድ ቤት ነው፤ ጥቂት አለፍ ብሎም ሌላ ቤት ነው። እያንዳንዱ ቤት በእንሰቱ መካከል ለብቻው ተቀምጦ፥ ከፊቱ አጭር ሣር የለበሰ ሜዳ ዘርግቶ፥ ከኋላው ሰፋፊውን የኮባ ቅጠል ደርቦ ይታያል። አገሩን የማያውቅ ሰው «ይህ ሁሉ ሕዝብ መንደሩ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የዳሞት ጋሌ ወረዳና አካባቢው በኢትዮጵያ ውስጥ ሕዝብ እጅግ ከበዛባቸው የገጠር ስፍራዎች የሚቈጠር ነውና። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የወላይታ ዞን ነዋሪ 1,501,112 ሆኖ ሲገኝ፥ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በአማካይ ከ350 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቍጥሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ይህን ያህል ሕዝብ በዚህ ያህል መሬት ላይ እየኖረ፥ ሁሉም ለየብቻው ቤት መሥራቱ ከውጭ ለሚያየው ሰው እንቈቅልሽ ነው።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ ዘወትር የምንሰማው ክርክር ነው። «መሬት አልቋል፥ ሰው በዝቷል፤ ታዲያ ሕዝባችን ለብቻዬ ቤት፥ ለብቻዬ ግቢ፥ ለብቻዬ አጥር የሚለው ስለ ምንድር ነው? ፎቅ ሠርቶ ተደራርቦ ቢኖር ምን ይጎድልበታል?» ይባላል። ከተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሩ ግን ማታ ወደየቤታቸው ሲመለሱ የሚገቡት ለብቻው ወደ ታጠረ ግቢ ነው፤ ግቢ የሌላቸውም ቢሆኑ በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ለመመራት ተራቸውን የሚጠብቁ ናቸው። እንግዲህ አፍ የሚናገረውና እግር የሚሄድበት መንገድ ስለ ምን እንደ ተለያየ መመርመሩ የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

በእኛ አገር የነገሩ ሥር ያለው በእንሰቱ ዘንድ ነው። ጤፍና በቆሎ ከቤት ርቀው ቢዘሩ ግድ የለም፤ እንሰት ግን ከቤት ርቆ በደንብ አይለማም። ከተተከለ ጀምሮ ለመብል እስኪደርስ አራትና አምስት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በዚህም ዘመን ሁሉ የከብት እበት፥ የምድጃ አመድና የቤት ጥራጊ ሲመገብ መኖር አለበት። በወላይታ ጥንታዊ ቤት ውስጥ ከብቶቹ ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ፤ ማለዳ የቤቱ እመቤት ከከብቶቹ ሥር የጠረገችውን እበት በቅርጫት ተሸክማ የምትወስደው ወደ ጓሮዋ ነው። ስለዚህም ገበሬው መሬቱን በሁለት ስም ይጠራዋል። በቤቱ ዙሪያ ያለውን፥ ፍግ የጠገበውን ጥቍር አፈር «ዳርኮዋ» ሲለው፥ ከዚያ ራቅ ያለውን፥ ፍግ የማይደርስበትን ማሳ ግን «ሾቃ» ይለዋል። ዳርኮዋ እንዲያው የተገኘ መሬት አይደለም፤ የተሠራ መሬት ነው። አያት ጀምሮት አባት ያቈየው፥ ይልቁንም እናት በየማለዳው በቅርጫት የተሸከመችው ነው። ቤቱ ከስፍራው ቢነሣ አፈሩ አብሮ አይነሣም፤ አፈሩ ባለበት ስፍራ ቤት ባይኖር ደግሞ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ተመልሶ ሾቃ ይሆናል።

ይህን ስንል ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንዲህ ይኖራል ማለታችን አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከእኛ ጋር በአንድ ክልል ውስጥ ያለው የኮንሶ ሕዝብ በኮረብታ አናት ላይ በድንጋይ ካብ ተከብቦ፥ ግቢ ከግቢ ተጠጋግቶ ይኖራል፤ እርሻው ከካቡ ውጭ በእርከን ላይ ተዘርግቷል። ዋናው እህሉ ማሽላ ነውና፥ ማሽላም እንደ እንሰት «ከምድጃው አጠገብ ካልሆንሁ» ስለማይል፥ ቤቱን ከማሳው መለየት አላስቸገረውም። ይህ አሠራሩም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦለታል። በሐረር ጀጎል ውስጥም ቤቶቹ ግድግዳ ተጋርተው፥ አንዱ ግቢ ለብዙ ቤተ ሰብ መግቢያ ሆኖ፥ ብዙ ትውልድ አልፎበታል። ስለዚህ «የአገራችን ሰው በተፈጥሮው ተጠጋግቶ መኖር አይወድም» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም። የኮንሶው ሰው ከካቡ ውስጥ፥ የሐረሩም ከጀጎሉ ውስጥ የኖረው ሥራውና ዘመኑ እንዲህ እንዲኖር ስላስተማረው ነው፤ የወላይታውንም ያስተማረው እንሰቱ ነው።

ይህ ነገር በፈተና ታይቷል። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ የጊዜው መንግሥት የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በሰፊው ሲያካሂድ፥ ገበሬው ከየጓሮው ተነሥቶ በመስመር በተሠሩ መንደሮች እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ትምህርት ቤት፥ ክሊኒክና ንጹሕ ውሃ ለተሰበሰበ ሕዝብ ለማድረስ ይቀላል ተባለ፤ ይህም በወረቀት ላይ ሲነበብ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ባለ እንሰቱ ሰው በአዲሱ መንደር እያደረ፥ ጓሮው ከርሱ ርቆ ያለ ጠባቂ ቀረ። እበቱ አንድ ስፍራ፥ እንሰቱ ሌላ ስፍራ ሆነ። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ በታወጀ ጊዜ፥ በደቡቡ የአገራችን ክፍል በብዙ ስፍራ ገበሬው ማንም ሳያዘው ጣራውን አፍርሶ፥ ወራጁንና ማገሩን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ። ስለ ቤት ምርጫ ብዙ መጠይቅ ተዘጋጅቶ ሕዝብ ሲጠየቅ አይተናል፤ ከዚያ የእንጨት ሸክም የበለጠ ግልጽ መልስ ግን አላየንም።

አንባቢ «ይህስ የገበሬው ነገር ነው፤ በቦዲቲ ከተማ ውስጥ ደመወዝ እየበላ የሚኖረው ሰው ምን እንሰት አለውና ነው?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተሜውም ቢሆን ከማድ ቤቱ ጀርባ አምስትም አሥርም እንሰት ሳይተክል አይቀርም፤ ለቆጮው ባይሆን እንኳ ለኮባው ሲል ነው። ዳቦ የሚጋገረው፥ ሥጋ የሚመደበው፥ ለእንግዳ የሚነጠፈው በኮባ ነውና። የከተማውን ሰው ለብቻው ቤት እንዲመኝ የሚያደርገው ዋናው ነገር ግን ከቤቱ ኋላ ሳይሆን ከቤቱ ፊት ያለው ነው።

በወላይትኛ የቤት ፊት፥ ደጁ፥ «ካሬ» ይባላል። በማዘጋጃ ቤት ቋንቋ ደግሞ ካሬ ማለት የመሬት ልክ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለቱ ቃላት በድምፅ አንድ ሆነው በትርጕም መራራቃቸው ብዙ ጊዜ ያስቀናል፥ አንዳንድ ጊዜም ያሳዝነናል። አንድ ባላገር ቦታ ሊመራ ሄዶ ጸሓፊው «ስንት ካሬ?» ብሎ ቢጠይቀው «አንድ ካሬ ይበቃኛል፤ አንድ ቤት ስንት ካሬ ይኖረዋል?» ብሎ መለሰ እየተባለ ይወራል። ጨዋታው የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም፤ መልሱ ግን እውነት ነው።

በዚያች ሣር በለበሰች ደጅ ላይ የሚሆነውን እንቍጠር ብንል ገጹ አይበቃንም። ልጅ ሲዳር ሽማግሌዎች የሚቀመጡባት እርስዋ ናት። በመስከረም ወር የጊፋታ በዓል ሲደርስ፥ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ሲያዋጡ የከረሙ ጎረቤቶች በሬ ገዝተው ከአንዱ ደጅ ላይ ይጥሉታል፤ ሥጋውም በኮባ ላይ እየተመደበ ለየድርሻው ይሰጣል። ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን የሚተከለው፥ አግዳሚ ወንበሩ የሚደረደረው፥ ከየገጠሩ የመጣው ለቀስተኛ የሚያርፈው በዚያው ነው። አንድ የጎረቤታችን አዛውንት፥ ልጃቸው አዲስ አበባ ወስዶ በጋራ ሕንፃ ላይ ጥቂት ወር አኑሯቸው ሲመለሱ፥ «ቤቱስ መልካም ነው፤ ውሃው ከግድግዳ ይወጣል፤ ነገር ግን ሰው ቢመጣብኝ ወዴት አስቀምጠዋለሁ?» ብለውናል። በርሳቸው አነጋገር ቤት ማለት ሰው የሚገባበት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚመጣበት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛ አገር ለብቻ የተሠራ ቤትና የሌላው ዓለም ለብቻ የተሠራ ቤት ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ይለያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1947 ጀምሮ፥ በኒው ዮርክ አጠገብ ሌቪታውን በተባለው ስፍራ ከ17 ሺህ የሚበልጡ የአንድ ቤተ ሰብ ቤቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተሠርተው ነበር። እያንዳንዱ ቤት በፊቱ ሣር ነበረው፤ ባለቤቱም ሣሩን በየሳምንቱ እንዲያጭድ በውሉ ይገደድ ነበር። ሣሩ ለዐይን ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። በዚያው ውል ጥቍር ሰው እንዳይገባበት ተከልክሎ እንደ ነበረም ሳንጠቅስ አናልፍም። የዚያ አገር ሰው ለብቻው ቤት የፈለገው ከከተማው ግፊያ ርቆ ከቤተ ሰቡ ጋር ዘግቶ ለመቀመጥ ነው። የቦዲቲ ሰው ግን ለብቻው ቤት የሚፈልገው ብዙ ሰው ለመቀበል ነው። ሰፊ ደጅ የሌለው ሰው ዕድሩን ማስተናገድ፥ ልጁን መዳር፥ በሬ ተካፍሎ ማረድ ይቸገራል፤ ይህ ሰው በሕዝብ መካከል እየኖረ እንደ እንግዳ ይቈጠራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንለፍ፤ ምክንያቱም በአፍ ስለ ደጅ ቢነገርም በልብ ስለ ገንዘብ የሚታሰብ ብዙ ነው።

በቦዲቲ ቤት ይሠራል እንጂ አይገዛም ማለት ይቻላል። የወር ደመወዝተኛ የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያለቀለት ቤት ለመግዛት ዐቅም የለውም፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ለመሥራት ግን ይችላል። በመጀመሪያ የባሕር ዛፍ እንጨት ይገዛና ይደርቃል። ድንጋይ በጋሪ ይጋዛል፥ መሠረት ይወጣል፤ ቋሚው ይቆማል፥ ማገሩ ይማገራል። ከዚያም ግድግዳው ጭቃ ሳይነካው ጣራው ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ይህም የሚደረገው ዝናብ የምርጊቱን ሥራ እንዳያበላሸው ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፥ ውሃ እየጠጣና በእግር እየተረገጠ ብዙ ቀን ይሰነብታል፤ በሚገባ ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ምርጊቱ ሲደርቅ ባለቤቱ ወለሉ ዐፈር፥ መስኮቱ በጣውላ የተመታ እንደ ሆነ፥ ዕቃውን ይዞ ይገባል። ኪራይ የሚቆመው በዚያ ቀን ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወለሉ ሲሚንቶ ይፈስሳል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ኮርኒሱ ይመታል፤ ዕቁብ የወጣ እንደ ሆነ ልስኑና ቀለሙ ይቀጥላል። ልጅ ሲበዛ በስተጓዳ አንድ ክፍል ይጨመራል። ቤቱ ከቤተ ሰቡ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ግን ልጅ ቢወለድበትም አያድግም።

ከዚህም ሌላ በጓሮ በኩል የሚሠሩት ባለ አንድ አንድ በር ክፍሎች፥ ሰርቪስ የሚባሉት፥ የቤቱ ደመወዝ ናቸው። ከየቀበሌው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡ ልጆች ለሁለትና ለሦስት ሆነው አንዲቱን ክፍል ይከራያሉ፤ ሰኞ ከቤታቸው ስንቅ ተሸክመው ይመጣሉ፥ ዓርብ ባዶ አገልግላቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ከጡረታ አበል ጋር የነዚህ ክፍሎች ኪራይ ተጨምሮ የሚኖሩ አዛውንቶች በከተማችን ብዙ ናቸው። ባንክ ያለ ገንዘብ እያደር ዋጋው ሲያንስ፥ ከመሬት ጋር የተጣበቀ ቤት ግን እያደር ዋጋው ሲጨምር ያየ ሰው፥ ሁሉን ትቶ ወደ ግቢው ቢሮጥ አይገርምም።

የመንግሥት ታሪክም በዚህ ላይ የጨመረው አለ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቍጥር 47 መሠረት የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታና አንድ መኖሪያ ቤት እንዲኖረው ተፈቀደ፤ የቀረው ትርፍ ተብሎ ተወረሰ። አዋጁ ብዙ ተከራይ ከአከራይ ጭንቅ እንዳወጣ አይካድም። በሰው ልብ ውስጥ ግን ሌላ ትምህርት ጥሎ አለፈ፤ ሁሉ ሲወሰድ ያልተወሰደው ሰው ራሱ የሚኖርበት ያ አንድ ቤት ነበረ። ከዚያ ወዲህ ከኛ በፊት የነበረው ትውልድ ልጆቹን «ቤት ይኑራችሁ» ብሎ ሲመክር «ሀብት ይኑራችሁ» ማለቱ ሳይሆን «የማይነቀል ነገር ይኑራችሁ» ማለቱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በሰፊው የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት፥ ማለት ኮንዶሚኒየም፥ ኋላ ወደ ክልል ከተሞችም ተሸጋግሮ ነበር። በዋና ከተማው ዕጣ እስኪወጣላቸው ዓመታት የጠበቁ ብዙዎች ናቸው፤ በብዙዎቹ የክልል ከተሞች ግን ፈላጊው አንሶ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ሥራው ቆመ። ልዩነቱ የሥልጣኔ ማነስ አይደለም። በአዲስ አበባ ሌላው አማራጭ የሰው ቤት ኪራይ ስለ ሆነ ፎቁ መዳኛ ነው፤ በእንደኛ ያለ ከተማ ግን ሌላው አማራጭ፥ ሩቅም ቢሆን ጠባብም ቢሆን፥ የራስ ደጅ ነው። የሕንፃዎቹ ሠሪዎችም ነገሩን ሳያውቁት አልቀሩም፤ ለማረጃ፥ ለልብስ ማጠቢያና ለድግስ እንዲሆን ከየሕንፃው አጠገብ የጋራ መጠቀሚያ ቤት ጨምረው ሠርተዋል። ይህ ማለት ደጁን ከሰው ላይ ወስደው ሲያበቁ መልሰው በጋራ ሊሰጡት ሞከሩ ማለት ነው። አሳቡ መልካም ነበረ፤ በብዙ ስፍራ ግን ያ ቤት ለሱቅና ለመጋዘን ተከራይቶ ይታያል።

እስካሁን የጻፍነውን ያነበበ ሰው እኛ ለብቻ ቤት ጠበቃ የቆምን ይመስለው ይሆናል። ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ማድረስ ይገባል። ወላይታ ውስጥ ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ መሬት የሚተዳደረው ቤተ ሰብ እጅግ ብዙ ነው። ወንድ ልጅ ሲያገባ ከአባቱ ግቢ አጠገብ ቍራሽ መሬት ተሰጥቶት የራሱን ቤት ይሠራል፥ የራሱን ደጅ ያወጣል፥ የራሱን ዳርኮዋ ይጀምራል። አባቱ ከአያቱ የተቀበለው ለሦስት ተከፍሎ ነበር፤ እርሱም የተቀበለውን ለልጆቹ ለሦስት ይከፍለዋል። ከተማውም እንደዚሁ ነው። ቦዲቲ ወደ ጎን በሰፋ ቍጥር የሚሰፋው በባዶ ምድር ላይ አይደለም፤ ሦስት ትውልድ ፍግ ባጠገበው ጥቍር አፈር ላይ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተን የምንመራው እያንዳንዱ ቦታ ትላንት የአንድ ሰው ጓሮ ነበረ። ካሳ ይከፈላል፤ ይሁን እንጂ ለእንሰቱ እንጂ ለአፈሩ ዋጋ የሚያወጣለት ቀመር አልተገኘም። የራሳችንን ደጅ የምናገኘው የሌላውን ጓሮ አፍርሰን ነው፤ ይህን የማይናገር የቤት ክርክር ሁሉ ጎደሎ ነው።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ነገሩ ከራሳችን ደጃፍ ስለ ደረሰ ጭምር ነው። አባታችን ያቈዩልን ግቢ በቦዲቲ ዳርቻ ይገኛል። እርሳቸው ሲሠሩት ስፍራው ገጠር ነበረ፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ ደረሰበት። በመንገዱ በኩል 24 ሜትር፥ ወደ ውስጥ 45 ሜትር ያህል ነው። ከፊት ደጁ፥ በመካከል ቤቱ፥ ከኋላ ደግሞ እናታችን እስካሁን በገዛ እጃቸው የሚንከባከቡት እንሰት አለ። አራት ልጆች ነን፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት። በቀድሞው ልማድ ቢሆን እኅታችን ከመሬቱ ድርሻ ባልኖራትም ነበር፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በውርስ ነገር ሴትን ከወንድ እኩል አድርጓልና፥ ከኛም መካከል የተከራከራት ስለሌለ፥ ክፍያው ለአራት ሆነ። 24 ሜትር ለአራት ሲካፈል 6 ሜትር ይደርሳል። በማዘጋጃ ቤቱ ልክ ብናሰላው እያንዳንዳችን 270 ካሬ ሜትር እናገኛለን፤ ካሬ ግን ማናችንም አናገኝም። በ6 ሜትር ላይ ቤትና መተላለፊያ ይሠራል እንጂ ሰው የሚሰበሰብበት ደጅ አይወጣበትም።

ታላቅ ወንድማችን እንዲህም ሆኖ ይከፈል ባይ ነው፤ የራሱ በር፥ የራሱ አጥር ይፈልጋል። ታናሹ ሐዋሳ ስለሚኖር ድርሻውን በገንዘብ ቢያገኝ ይመርጣል። ከአራቱ ሁለተኛ የሆንነው እኛ፥ ከጎን በኩል ባለ አንድ ፎቅ ቤት በአንድነት ሠርተን፥ ደጁንና እንሰቱን ሳንከፍል በጋራ እንድንይዘው አሳብ አቅርበን ነበር። ታላቃችን ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ከላይ የሚኖረው ማን ነው? እኔ ከላይ ብሆን ታናናሾቼ ረገጠን ይላሉ፤ ከታች ብሆን ተረገጥሁ እላለሁ። ወንድማማች ጎን ለጎን እንጂ ተደራርቦ አይስማማም» አለ። ለዚህ የሚሆን መልስ ከመጽሐፍ ብንፈልግም አላገኘንም።

ያላሰብነውን የተናገረችው እኅታችን ናት። አዲስ አበባ በአራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ልጆችዋን ይዛ ትኖራለች። «ጋሼ፥ እናንተ ደጅ ደጅ የምትሉት ደጁን የምትጠርጉት እናንተ ስላልሆናችሁ ነው» አለችው። «ግቢ የሚጠርግ፥ ውሃ የሚቀዳ፥ በድግሱ ወጥ የሚሠራ፥ ለለቀስተኛው ንፍሮ የሚቀቅል ማን ነው? እኔ በሬን ቆልፌ ሥራ እሄዳለሁ፤ አጥሬ ፈረሰ፥ ሌባ ገባ ብዬ አልሠጋም። ሰው የሞተብን እንደ ሆነም ድንኳኑን ከሕንፃው ሥር ተክለን እንቀበላለን፤ ለቅሶ ቦታ አጥቶ አያውቅም።» ታላቃችን ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። ስለ ለብቻ ቤት ጥቅም ከላይ ያተትነው ሁሉ በወንድ ዐይን የታየ እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት ገባን። እርስዋ ግን ይህን ተናግራ ስታበቃ «ድርሻዬን አልሸጥም» አለች። «ለምን?» ብንላት «ልጆቼ ከየት እንደ መጡ በጣቴ የማሳያቸው ነገር ይኑረኝ» አለች። ያንን ያህል ደጁን ከነቀፈች በኋላ እንዲህ ማለትዋ ለታላቃችን እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር መሰለው፤ ለእኛ ግን አልመሰለንም።

በመስከረም ለጊፋታ አራታችንም ስለ ተገናኘን፥ ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ባሉበት ቦታውን ለመለካት ገመድ ዘረጋን። ከመንገዱ በኩል ተነሥተን ችካል እየተከልን ወደ ውስጥ ገባን። ደጁን አለፍን፤ አሮጌውን ቤት በግራና በቀኝ አለፍን። ገመዱ ከኋላ ሲደርስ ሦስቱም መሥመሮች በእንሰቱ መካከል የሚያልፉ ሆኑ፤ መካከለኛው መሥመር በተለይ እናታችን ባለፈው ዓመት አዛውረው ከተከሉት ረድፍ ላይ ወደቀ። እናታችን እስከዚያ ሰዓት ድረስ በበረንዳው ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ተነሥተው መጡና ገመዱን በእጃቸው ያዙት።

«ቤቱን ተካፈሉት፤ ቤት ይሠራል። ደጁንም እኔ ስሞት ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ስፍራ እስኪያጥር ድረስ ብቻ አትቍረሱት» አሉን። «ይህን ግን አሁን ተክዬዋለሁ፤ ለመፋቅ አራት ዓመት ይቀረዋል።»

ታላቅ ወንድማችን አጥሩን ከእንሰቱ ወዲህ አቁሞ ቀሪውን በኋላ ማየት ይቻል እንደ ሆነ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ይቻላል አሉ። ገመዱን ጠቅልለን ወደ ቡናው ገባን። ችካሉ አሁን የተተከለው እስከ እንሰቱ ድረስ ነው።